ሰርቨር ላይ ሎካል አካውንትና የዳይሬክተሪ አካውንት እንዴት ይያዛል

አካውንት መክፈት ቀላል ነው፣ አንዲት ኮማንድ ናት። ከባዱ ከሁለት አመት በኋላ ይሄ አካውንት የማን ነው፣ ለምን ተከፈተ፣ አሁንስ ማን እየገባበት ነው ሲባል መልስ ማግኘት ነው። ሰርቨር በተረከብኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው የዩዘሮቹን ዝርዝር ነው፣ ሁሌም ማለት ይቻላል ከስራ የለቀቀ ሰው ስም አይጠፋም፣ "ቴስት" የሚል አንድ፣ "አድሚን2" የሚል ደሞ ሌላ፣ ብትጠይቁ የኔ ነው የሚል የለም፣ ግን ሱዶ፣ ማለትም የአድሚን ኮማንዶችን የማስሮጥ ፈቃድ፣ አለው። ይሄ ነገር በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት። አብዛኛው ሊኑክስ ላይ ነው፣ ዊንዶውስን ወደ መጨረሻ አካባቢ እነካዋለሁ።

የምሰራበት ህግ አንድ ነው፦ ሰው ከሆነ ዳይሬክተሪ ውስጥ ይግባ፣ ለማሽኑ ስራ ከሆነ ሎካል ይሁን። ሎካል አካውንት እዛች ሰርቨር ላይ ብቻ ነው ያለው፣ 40 ሰርቨር ካላችሁ 40 ቦታ ትከፍታላችሁ፣ ሰውዬው ሲለቅ ደሞ 40 ቦታ መዝጋት አለባችሁ፣ 39ኙን ዘግታችሁ አንዷን ከረሳችሁ አልዘጋችሁም ማለት ነው። የዳይሬክተሪ አካውንት ግን አክቲቭ ዳይሬክተሪ ይሁን ፍሪአይፒኤ ይሁን ኦፕንኤልዳፕ አንድ ቦታ ነው የሚቀመጠው፣ ሰርቨሮቹ እየሄዱ ይጠይቁታል።

ሰርቨሩ ማንን ነው የሚጠይቀው?

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ይሄን እወቁ። /ኢቲሲ/ኤንኤስስዊች.ኮንፍ የሚለውን ፋይል ክፈቱና "ፓስደብሊውዲ" የሚለውን መስመር እዩ፣ ፓስወርድ ከሚለው ቃል ኦ እና አር የሚሉት ሁለት ፊደላት ወጥተውለት ነው የሚጻፈው። እዛ መስመር ላይ "ፋይልስ" ማለት ሎካሉ ፋይል ነው፣ "ኤስኤስኤስ" ማለት ደሞ ኤስኤስኤስዲ የሚባለው ከዳይሬክተሪው ጋር የሚነጋገረው ሰርቪስ ነው። ቀድሞ የተጻፈው ቀድሞ ይጠየቃል። ስለዚ ፋይልስ ከቀደመና አንድ ስም ሁለቱም ጋር ካለ ያሸነፈው ሎካሉ ነው፣ ዶሜይኑ ላይ፣ ማለትም ዳይሬክተሪው በሚያስተዳድረው የሰዎችና የማሽኖች ስብስብ ላይ፣ ምንም ብታረጉ ሰርቨሯ አትሰማችሁም።

ይሄ ደርሶብኛል። አንድ የሰራሁበት ቦታ ላይ የለቀቀ ባልደረባ አካውንት ዶሜይኑ ላይ በዛኑ ቀን ዲሴብል ተደረገ፣ ሁላችንም ተዘጋ ብለን ተውነው፣ ከአራት ወር በኋላ ሎግ ሳይ ስሙ በየሌሊቱ ይገባል። ለካ አንዷ ሰርቨር ዶሜይን ከመቀላቀሏ በፊት በዛው ስም ሎካል አካውንት ተከፍቶላት ነበር፣ ማንም አላጠፋውም፣ እሱ ድሮ የጻፈው ስክሪፕት ከሌላ ማሽን ላይ ሆኖ በኤስኤስኤች ቁልፉ፣ በፓስወርድ ፈንታ በሚያስገባው ፋይል፣ እየገባ ስራውን ይሰራል። ሰውዬው ምንም ክፉ አላሰበም፣ ግን ቁልፉ ሌላ ሰው እጅ ቢገባስ? እኔ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም።

እንዲህ አይነት መንታ ስም ለማግኘት "ጌትኤንት" የምትባለዋን ኮማንድ ተጠቀሙ፣ ዳሽ ኤስ ብላችሁ "ፋይልስ" ስትሏት ሎካሉን ብቻ ትጠይቃለች፣ "ኤስኤስኤስ" ስትሏት ዳይሬክተሪውን ብቻ። ሁለቱም መልስ ከሰጡ መንታ አለ ማለት ነው። አንድ ነገር እንዳያደናግራችሁ፣ ጌትኤንትን ስም ሳትሰጧት ብቻዋን ብታስሮጧት የዶሜይኑ ሰዎች ዝርዝር ላይ አይመጡም፣ ኤስኤስኤስዲ ሁሉንም መዘርዘር እንደ ዲፎልት ዝግ ስለሆነ ነው እንጂ ጠፍተው አይደለም፣ ስም ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

ሎካሉ ላይ

ፓስደብሊውዲ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ መስመር በሁለት ነጥብ የተከፈለ 7 ቦታ አለው፣ ሻዶው የሚባለው የፓስወርዱን ሃሽ (ተቀይሮ የተቀመጠ ቅርጹን) እና የጊዜ ገደቡን የያዘው ደሞ 9። ቀድማችሁ የምታዩት ሶስተኛዋን ቦታ ነው፣ ዩአይዲውን፣ የአካውንቱን መለያ ቁጥር። ዩአይዲው 0 የሆነ ማንኛውም አካውንት ስሙ ምንም ይሁን ምን ሩት ነው፣ ማሽኑ ላይ ሁሉን ማድረግ ይችላል፣ ከአንድ በላይ ካገኛችሁ ሌላውን ስራ አቁሙና እሱን አጣሩ። የሰዎች ቁጥር አሁን ባሉት ሲስተሞች ከ1000 ይጀምራል፣ ሬድሃት 6 እና ከዛ በፊት ያሉት ላይ ከ500 ነበር፣ ስለዚ ከድሮ ሰርቨር ወደ አዲስ ስታዘዋውሩ ቁጥሮቹ እንዳይጋጩ እዩ።

ስትከፍቱ ዩዘርአድ ነው፣ ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ ዳሽ ኤም ካላላችሁት ሆም ፎልደር አይፈጥርም፣ ሬድሃት ላይ ይፈጥራል። ዳሽ ሲ ብላችሁ ኮመንት መጻፍን እባካችሁ አትዝለሉት፣ ባለቤቱ የትኛው ቲም እንደሆነና ለምን እንደተከፈተ እዛ ላይ ይጻፍ፣ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ሰው ቀናት ታተርፉለታላችሁ። ለአፕሊኬሽን ወይ ለባክአፕ የሚሆን ከሆነ ዳሽ አር ብላችሁ የሲስተም አካውንት አርጉት፣ ገብቶ ኮማንድ መጻፍ እንዳይችል ሼሉን ኖሎጊን ስጡት፣ በፓስወርድም አይገባ።

ግሩፕ ላይ ስትጨምሩ ተጠንቀቁ። ዩዘርሞድ ላይ ትልቁን ጂ ብቻ ከጻፋችሁ አዲሱን ግሩፕ ይጨምርና ሰውዬው የነበረበትን ሌላውን ተጨማሪ ግሩፕ በሙሉ ያወጣዋል፣ ሱዶ የሚሰጠውን ጨምሮ። ትንሿን ኤ ከፊት አርጋችሁ ኤ ጂ ነው የሚባለው። ከዛ አይዲ ብላችሁ አረጋግጡ፣ ሰውዬውም ወጥቶ ተመልሶ ካልገባ የነበረበት ሴሽን ላይ አዲሱ ግሩፕ አይታይም።

ሱዶ ስትሰጡ ሁሌም በቪሱዶ ይሁን፣ ስህተት ካለ ከማስቀመጡ በፊት ይነግራችኋል፣ ያ ፋይል ከተበላሸ ሱዶ ለሁሉም ሰው ሊቆም ይችላል። ሱዶርስ.ዲ ፎልደር ውስጥ ለየብቻ ፋይል ስታስቀምጡ ስሙ ላይ ነጥብ አታርጉ፣ ነጥብ ያለበትን ፋይል ሱዶ አያነበውም፣ ኤረርም አይሰጥም፣ ለምን እንዳልሰራ ስትፈልጉ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

መዝጋት

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዩዘርሞድ በትልቁ ኤል ወይ ፓስደብሊውዲ በዳሽ ኤል "ሎክ" ስታረጉ የሚሆነው ሻዶው ውስጥ ካለው ሃሽ ፊት ቃለ አጋኖ ይገባል፣ በቃ ይሄው ነው። ፓስወርዱ አይሰራም ግን በኤስኤስኤች ቁልፍ የሚገባ ሰው በተለመደው አደረጃጀት መግባቱን ይቀጥላል። በትክክል ለመዝጋት አካውንቱን ራሱን ኤክስፓየር ማረግ አለባችሁ፣ ቼጅ በትልቁ ኢ ብላችሁ 0 ስጡት፣ ከዛ ሆም ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ኦቶራይዝድ ኪይስ ፋይል፣ የሚያስገቡት ቁልፎች ዝርዝር ያለበትን፣ አንሱ፣ ከዛ አሁን የተከፈተ ሴሽን ካለው ሎጊንሲቲኤል ላይ ተርሚኔት ዩዘር ብላችሁ አስወጡት፣ መዝጋት የገባውን ሰው አያስወጣም። ክሮንታቡንም፣ በሰአታቸው ራሳቸው የሚሮጡ ስራዎቹን ዝርዝር፣ ከመዝጋታችሁ በፊት እዩ፣ የመስሪያ ቤቱ ባክአፕ በዛ ሰው ስም ሲሮጥ የነበረ ሊሆን ይችላል፣ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ሰርቪስ አካውንት አዙሩት።

ዩዘርዴል ላይ አትቸኩሉ። ፋይሎች የሚያስታውሱት ስም አይደለም፣ ቁጥር ነው። ዩአይዲው 1007 የነበረ ሰው ስታጠፉ ፋይሎቹ ባለቤት 1007 እንደሆኑ ይቀራሉ፣ እና የመጨረሻው ቁጥር እሱ ከነበረ ነገ የምትከፍቱለት አዲስ ሰራተኛ 1007 ይደርሰዋል፣ ሳያውቀው የቀድሞው ሰው ፋይሎች ባለቤት ሆነ ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ እዘጋለሁ፣ የተወሰነ ጊዜ እጠብቃለሁ፣ ፋይሎቹን ለሚመለከተው ሰው አዛውራለሁ፣ ከዛ ነው የማጠፋው።

ዳይሬክተሪ ማገናኘት

ሊኑክስ ሰርቨርን ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ ጋር ማገናኘት ራሱ ሬልም ጆይን የምትል አንድ ኮማንድ ናት፣ አልሰራ ሲል ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ ኮማንዷ ላይ አይደለም። ከሷ በፊት ሶስት ነገር አስተካክሉ። ሰአት፦ የሚገባውን ማንነት የሚያረጋግጠው ከርበሮስ በዲፎልት ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይቀበልም፣ ሰአቱን የሚያስተካክለው ክሮኒ እየሮጠ መሆኑን እዩ። ዲኤንኤስ፦ ሰርቨሩ የዶሜይኑን ዲኤንኤስ መጠየቅ አለበት፣ ዶሜይን ኮንትሮለሮቹን፣ ዳይሬክተሪውን የያዙትን ሰርቨሮች፣ የሚያገኘው ኤስአርቪ ሬከርድ ከሚባለው ስለሆነ። ፋየርዎል፦ ፖርት 53፣ 88፣ 389፣ 464 እና 3268 ይከፈቱ፣ ኤልዳፕን በቲኤልኤስ ከሆነ 636ም። የሰርቨሩ ስምም ከ15 ፊደል እንዳይበልጥ፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ላይ የኮምፒውተር ስም ገደብ ነው። ከዛ ሬልም ዲስከቨር በሉ፣ ዶሜይኑን ካሳያችሁ ብቻ ጆይን አርጉ።

ጆይን ተደረገ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። የዶሜይኑ ሰው ሁሉ ወደ ሰርቨሯ ሊገባ ይችላል ብላችሁ አስቡና በዛው ደቂቃ ሬልም ዲናይ ብላችሁ ሁሉንም ዝጉ፣ ከዛ ሬልም ፐርሚት በዳሽ ጂ ለአንድ ግሩፕ ብቻ ክፈቱ። ሰው በስም አትፍቀዱ፣ ለግሩፕ ነው የሚፈቀደው፣ ሰው ሲመጣና ሲሄድ ግሩፑ ላይ ብቻ ይነካካል፣ ሰርቨሯን ማንም አይነካም። ሱዶውንም ለዶሜይን ግሩፕ ስጡ፣ ስሙ ላይ ስፔስ ካለ ሱዶርስ ውስጥ ከስፔሱ ፊት ባክስላሽ ያስፈልጋል። ከዛ አንድ የሙከራ አካውንት ዶሜይኑ ላይ ዲሴብል አርጉና በፓስወርድም በቁልፍም ለመግባት ሞክሩ፣ ከሁለቱ አንዱ እንኳን ካስገባችሁ የአክሰስ ሴቲንጋችሁ ላይ ቀዳዳ አለ።

ኤስኤስኤስዲ ኮንፍ ፋይሉን በእጅ ከነካችሁት ባለቤቱ ሩት፣ ፐርሚሽኑ 0600 ይሁን፣ ለሌላ ሰው ከተከፈተ ሰርቪሱ አልነሳም ይላል።

ቁጥሩ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም በኋላ የማይስተካከል ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው። ኤስኤስኤስዲ እንደ ዲፎልት ዩአይዲን ከተጠቃሚው ኤስአይዲ (አክቲቭ ዳይሬክተሪ ከሚሰጠው መለያ) አስልቶ ነው የሚያወጣው፣ ሴቲንጉ አንድ አይነት ከሆነ ሁሉም ሰርቨር ላይ አንድ አይነት ቁጥር ይመጣል። ሌላው መንገድ ቁጥሩን ዳይሬክተሪው ላይ እራሳችሁ ጽፋችሁ ከዛ ማንበብ ነው። ሁለቱም ይሰራሉ፣ ግን አንዷን ሰርቨር በዚህ ሌላዋን በዛ ካረጋችሁና በኤንኤፍኤስ ፋይል የሚጋሩ ከሆነ አንዱ ሰው የጻፈውን ፋይል ሌላኛዋ ሰርቨር ላይ ራሱ መክፈት ያቅተዋል፣ ወይ ሌላ ሰው ይከፍተዋል። ከመጀመሪያዋ ሰርቨር በፊት ወስኑ፣ ጻፉት፣ ከዛ ንቅንቅ አትበሉ።

ከዛ ካሽ አለ። ኤስኤስኤስዲ ያገኘውን መልስ በዲፎልት ለ5400 ሰከንድ ይይዛል፣ 90 ደቂቃ መሆኑ ነው። ዳይሬክተሪው ላይ ያስተካከላችሁት ነገር ሰርቨሯ ላይ ካልታየ ከመደናገጣችሁ በፊት ሰውዬው ወጥቶ ይግባ፣ ካልሆነ ኤስኤስኤስ ካሽ የምትለዋን ኮማንድ በሰውዬው ስም አስሩጡ። ፓስወርድንም ካሽ እንዲያደርግ ከፈቀዳችሁለት ዳይሬክተሪው ሲጠፋ ሰዎች መግባት ይችላሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን የዚህ የጊዜ ገደብ ዲፎልቱ 0 ነው፣ እዚህ ጋ 0 ማለት ገደብ የለውም ማለት ነው፣ ከዳይሬክተሪው የተቆረጠች ሰርቨር ከስራ የወጣን ሰው ለወራት ልታስገባ ትችላለች። በቀን ቁጥር ወስኑት።

የአደጋ ጊዜ አካውንት

ዳይሬክተሪው ሲወድቅ ሰርቨሯ ላይ መግቢያ ያስፈልጋችኋል፣ ስለዚ አንድ ሎካል አካውንት የግድ ይኑር። ፓስወርዱ በየሰርቨሩ የተለያየ ይሁን፣ ፓስወርድ ቮልት ውስጥ ይቀመጥ፣ ሰው ባወጣው ቁጥር ይቀየር፣ በተገባበት ቁጥር ደሞ ለቲሙ መልእክት ይምጣ። በየሶስት ወሩ ገብታችሁ ሞክሩት፣ ጊዜው ያለፈበት ፓስወርድ እንደሆነ በእሳት ቀን ማወቅ በጣም ያማል፣ አይቼዋለሁ።

ዊንዶውስ ላይም ሃሳቡ ያው ነው። ሎካሎቹን በኔት ዩዘር ታያላችሁ፣ አድሚን የሆኑትን በኔት ሎካልግሩፕ፣ እዛ ዝርዝር ውስጥ የሰው ስም ሳይሆን የዶሜይን ግሩፕ ነው መኖር ያለበት። ማሽኑ ዶሜይን ሲቀላቀል ዶሜይን አድሚንስ ራሱ ይገባል። አብሮ የሚመጣው አድሚኒስትሬተር ስሙን ብትቀይሩትም ኤስአይዲው በ500 ስለሚያልቅ መደበቅ አይቻልም፣ ፓስወርዱን ዊንዶውስ ላፕስ ይያዘው፣ ከኤፕሪል 2023 አፕዴት ጀምሮ ሲስተሙ ውስጥ አለ፣ ለየማሽኑ የተለያየ ፓስወርድ አውጥቶ ዳይሬክተሪው ላይ ያስቀምጣል። ለሰርቪሶች ጂኤምኤስኤ የሚባለውን ተጠቀሙ፣ ፓስወርዱን ራሱ በየ30 ቀኑ ይቀይራል፣ ሰው አያውቀውም። አካውንት አጥፍታችሁ በዛው ስም መልሳችሁ ብትከፍቱ ደሞ ኤስአይዲው አዲስ ስለሆነ የድሮው ፐርሚሽን አይመለስም፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ ዲሴብል የሚደረገው።

እና ሰው በለቀቀ ቀን፣ ዳይሬክተሪው ላይ ዲሴብል፣ ሴሽኖቹን ማስወጣት፣ ከዛ በሁሉም ሰርቨር ላይ በስሙ የቀረ ሎካል መፈለግ፣ የጋራ አካውንቶች ኦቶራይዝድ ኪይስ ውስጥ የሱ ቁልፍ እንዳለም ማየት፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ የሚቀረው። ፋይንድ በዳሽ ኖዩዘር ብላችሁ ባለቤት የሌላቸውን ፋይሎች ደሞ በወር አንዴ ፈልጉ፣ የወጣው ዝርዝር ላይ ያለው ቁጥር የማን እንደነበር ከድሮው ሰነዳችሁ ላይ አገናኙ፣ ሰነድ ከሌላችሁ ዛሬ ያለውን የስምና የዩአይዲ ዝርዝር ቅዱና አስቀምጡ።