የቢራ እርሾ ስንቱ በህይወት አለ? በማይክሮስኮፕ አቆጣጠሩ

ቢራ ፋብሪካ ላብራቶሪ ለኢንተርንሺፕ የገባችሁ ወይ ገና ስራ የጀመራችሁ፣ ይሄ ለናንተ ነው። ታንክ ውስጥ ስንት ሴል አለ ብሎ መቁጠር ብቻውን አይበቃም፣ የሞተ እርሾ ስኳር አይበላማ። የምንፈልገው በህይወት ያለውን ነው፣ ቆጠራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ማይክሮስኮፑ ላይ ሳይሆን ሳምፕሉ ሲወሰድ ነው።

የሳምፕል ቧንቧው ውስጥ የቆየ እርሾ ደርቆ ይቀመጣል። አልኮል ርጩበት፣ ክፈቱት፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ድፉት፣ ከዛ በኋላ የሚመጣውን ያዙ። ከታንኩ ስር የተቀመጠውን ወፍራም እርሾ ከሆነ የምትለኩት ደግሞ ከአንድ ቦታ ብቻ አትውሰዱ፣ ከታች ያለው ቆሻሻና የሞተ ይበዛዋል፣ ደህናው መሃል ላይ ነው። ከዛ አረፋው እስኪቆም ነቅንቁት ምክንያቱም ጋዙ ካልወጣ ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ነው።

ወፍራም እርሾ በፒፔት መለካት አይመቸኝም፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ አየር ይይዛል፣ በሚዛን ብትመዝኑት ይሻላል። 1 ግራም ወስዳችሁ በውሃ 50 ሚሊ ሊትር አድርሱት። ሴሎቹ ተያይዘው ጓል ከሰሩ ትንሽ ኢዲቲኤ ጨምሩ፣ አንድ ላይ የሚያጣብቃቸው ካልሲየም ስለሆነ እሱን ይነጥቃቸዋል።

አሁን ከዚህ ላይ ወስዳችሁ 0.01% ሜቲሊን ብሉ ከሚባለው ሰማያዊ ቀለም ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ልብ በሉ፣ እዚህ ጋ እንደገና በግማሽ ቀጠነ ማለት ነው፣ ስለዚ ዳይሉሽኑ 50 ሳይሆን 100 ሆኗል፣ ይቺን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። በህይወት ያለ ሴል ቀለሙን ውስጡ ሲገባ ቀለም አልባ ያደርገዋል፣ የሞተው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና ቁጠሩ ግን 10 ደቂቃ አትለፉ፣ ቀለሙ ራሱ መርዝ ነው ሲቆይ ደህናውንም ይገላል። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሲያጋጥም ይሄ ሞቷል አልሞተም የሚለው ሁሌ ያጨቃጭቃል፣ ላብራቶሪው ውስጥ ሁሉም ሺፍት አንድ ህግ ይያዝ።

መቁጠሪያ መስታወቱ (ሄሞሳይቶሜትር) ላይ መሃል ያሉት ትልልቅ ካሬዎች 25 ናቸው፣ አራቱን ጥግና መሃሉን፣ አምስቱን ብቻ ቁጠሩ። የላይና የግራ መስመር የነካውን ቁጠሩ፣ የታችና የቀኙን ተዉት። ቡቃያ ካለው ደግሞ ልጅየው የእናቱን ግማሽ ካከለ ለብቻው ይቆጠራል፣ ካነሰ ከእናቱ ጋር አንድ ነው።

በአምስቱ ካሬ 240 ሴል አገኛችሁ፣ 12ቱ ሰማያዊ ነው እንበል። 240 በ5 (ከ25 ካሬ አምስቱን ስለቆጠርን)፣ በ10,000 (25ቱ ካሬ አንድ ላይ የሚይዙት የሚሊ ሊትር አስር ሺኛውን ስለሆነ)፣ በ100 (ዳይሉሽኑ) ስታባዙ 1.2 ቢሊዮን ሴል በሚሊ ሊትር ይመጣል፣ 95% በህይወት ስላለ 1.14 ቢሊዮን። የተለመደው መነሻ በ1 ፕላቶ (የስኳሩ መጠን መለኪያ) 1 ሚሊዮን ሴል በሚሊ ሊትር ነው፣ ስለዚ 12 ፕላቶ የሆነ 100 ሄክቶ ሊትር (10,000 ሊትር) ዎርት፣ ማለትም ገና ያልፈላ የብቅል ፈሳሽ፣ ወደ 105 ሊትር እርሾ ይፈልጋል። ያው እርሾ 80% ቢሆን ኖሮ 125 ሊትር ነበር፣ ግን 80% ላይ ከደረሰማ ጨምሬ ላካክሰው አትበሉ፣ የሞተው ሴል ሲፈርስ ጣዕም ያበላሻል። ደግሞ 12 ሰማያዊ ሴል ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ በመቁጠሪያ መስታወቱ በሁለቱም በኩል ቆጥራችሁ አማካዩን ያዙ።

በህይወት ያለው ከ90% በታች ሲወርድ ሜቲሊን ብሉ አይታመንም፣ ካለው በላይ ደህና አድርጎ ያሳያል። እዛ ላይ ሜቲሊን ቫዮሌት ወይም የፍሎረሰንስ ቀለም ይሻላል። ሀብታም ፋብሪካ ቱቦው ላይ ካፓሲታንስ ፕሮብ (የሴሎቹን የኤሌክትሪክ ቻርጅ አያያዝ የሚለካ መሳሪያ) ይገጥማል፣ ሽፋኑ ያልተቀደደ ሴል ብቻ ቻርጅ ስለሚይዝ የሞተውን አያይም። ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካ እንዳለው ሞላሰስ ለኤታኖል የሚያፈላ ሰው ፈሳሹ ጥቁር ስለሆነ በብርሃን መለኪያ አይሆንለትም፣ ለሱ እንዲህ ያለው ፕሮብ ነው የሚሻለው።

ታንኩ ከጀመረ በኋላ ቁጥሩ በሁለት ሶስት ቀን ከሶስት እስከ አምስት እጥፍ ይወጣል፣ ከዛ ይወርዳል። መውረዱ ሞት አይደለም፣ እርሾው እየዘቀጠ ነው። ፕላቶው ገና ሳይወርድ ቁጥሩ ከወረደ ግን ሰማያዊውን እዩ፣ ትንሽ ከሆነ ቀድሞ ተኝቷል ማለት ነው፣ ሙቀቱን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ከታች በጋዝ ቀስቅሱት። ሰማያዊው ብዙ ከሆነ ለብሩማስተሩ (ለጠመቃው ኃላፊ) ንገሩ፣ ያንን እርሾ ለሚቀጥለው ታንክ አታስቡት።