ስፔንን በብስክሌት፣ መኪና በሌለበት መንገድ

ስፔንን በብስክሌት ማየት ካሰባችሁ አስፋልቱን ለመኪና ተዉትና «ቪያስ ቬርዴስ» የሚባሉትን መንገዶች ፈልጉ። ባቡር የቀረባቸው የድሮ መስመሮች ናቸው፤ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእግረኛና ለብስክሌት እየተስተካከሉ ነው። ባቡር ዳገት ስለማይችል መንገዱ ቀስ እያለ ነው የሚወጣውና የሚወርደው። ጉልበት አይጨርስም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አንዳሉሲያ ያለውን «ቪያ ቬርዴ ዴ ላ ሲዬራ» እመክራለሁ። ከኦልቬራ እስከ ፑዌርቶ ሴራኖ 36 ኪሎ ሜትር ነው። ዋሻው ሁሉ ተቆፍሮለት አንድም ባቡር ሳያልፍበት የቀረ መስመር ነው። ከኦልቬራ ጀምሩ፤ አብዛኛው ቁልቁለት ይሆንላችኋል። ዛፍራማጎን የሚባለው ትልቅ ገደል ጋ ስትደርሱ ቁሙ። ጥንብ አንሳዎቹ ከአለቱ ተነስተው፣ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ፣ ከራስ በላይ ያንዣብባሉ። ለዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ቢሄድ አይቆጭም።

የፊት መብራት እንዳትረሱ። 30 ዋሻ አለ፤ ከፀሐይ ድንገት ሲገቡ ምንም አይታይም። ውስጡ ስለሚቀዘቅዝ ስስ ጃኬትም ያዙ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙቀቱ አይቻልም፤ ሚያዝያ ወይም ጥቅምት ይሻላል።