በጥቁር ማርከር ብቻ ቀይና ሰማያዊ ማየት፦ የቤንሃም ዲስክ አሠራር

ነጭ ወረቀትና ጥቁር ማርከር ይበቃሉ። ሌላ ቀለም አንድም ጠብታ አይነካውም። ወረቀቱ ሲሽከረከር ግን ቀላ ያለ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለበት ይታያል። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፌሽነር ስለዚህ ነገር በ1838 እ.ኤ.አ. ጽፏል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤንሃም ደግሞ በ1890ዎቹ መጫወቻ አድርጎ አወጣው።

የተበላሸ ሲዲ፣ ብይ፣ የውሃ ፕላስቲክ ክዳን፣ ሱፐር ግሉ፣ ኮምፓስና መቀስ አዘጋጁ። ብዩ በሲዲው ቀዳዳ የማያልፍ ይሁን።

መጀመሪያ ኮምፓሱን 6 ሴንቲሜትር ከፍታችሁ ክብ ሥሩ። መሃሉን አቋርጦ የሚያልፍ መስመር አስምሩና አንዱን ግማሽ ድፍን ጥቁር ቀቡት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ነጭ ነጠብጣብ ከቀረ ቀለሙ ይደክማል፤ ሲደርቅ አንዴ ድገሙት።

ነጩን ግማሽ በስሱ በእርሳስ አራት እኩል ቦታ ክፈሉት፤ እያንዳንዱ 45 ዲግሪ ይሆናል። በመጀመሪያው ክፍል ከመሃል 2፣ 2.3 እና 2.6 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ሦስት ቅስቶች በማርከር ሥሩ። በሁለተኛው ከ3፣ በሦስተኛው ከ4፣ በአራተኛው ከ5 ጀምሩ፤ ክፍተቱ ያው ነው። አንዱ ቅስት ወደ ጎረቤቱ ክፍል መግባት የለበትም። ሲያልቅ መስመሮቹ እንደ ደረጃ ወደ ጠርዙ ይወጣሉ። የእርሳሱን መስመር አጥፉት።

ክቡን ቆርጣችሁ ሲዲው ላይ ለጥፉ፤ መሃሉንም በቀዳዳው ልክ ቅደዱት። ብዩን ከሥር ቀዳዳው ውስጥ አጣብቁት። ከላይ ብቅ የሚለውን የብዩን ጫፍ ክዳኑን ደፍታችሁ ሸፍኑትና አጣብቁ። መያዣችሁ እሱ ነው።

ለስላሳ ትሪ ላይ አሽከርክሩት። በቀን ብርሃን ቢሆን ይሻላል፤ በ50 ኸርዝ መብራት የሚበሩ አንዳንድ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ስለሚሉ ያምታታሉ። ብልጭታ የሚጥል በሽታቸውን የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች ግን ባይሞክሩት ይሻላል።

በጣም ሲፈጥን ግራጫ ብቻ ነው የሚታየው። ታገሡ። በሴኮንድ ከ5 እስከ 10 ዙር አካባቢ ሲደርስ ቀለሞቹ ብቅ ይላሉ። ደማቅ አይደሉም፤ ቀዩ የሸክላ ጡብ ይመስላል። አጠገባችሁ ያለው ሰው ሌላ ቀለም አየሁ ቢል እመኑት፤ ከሰው ሰው ይለያያል።

አሁን ወደ ሌላው አቅጣጫ አሽከርክሩት። ቀይ የነበረው ሰማያዊ፣ ሰማያዊ የነበረው ቀይ ይሆናል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ ምስጢሩ ጊዜ ውስጥ መሆኑን ስለሚያሳይ። በሴኮንድ 5 ዙር ሲሽከረከር ጥቁሩ ግማሽ ዓይናችሁን ለ100 ሚሊሴኮንድ ያጨልመዋል። ቀጥሎ ነጩ ብልጭ ይላል፤ እያንዳንዱ የቅስት ቡድንም ለ25 ሚሊሴኮንድ ብቻ ያልፋል። ከጥቁሩ ወዲያው የሚከተሉት ቅስቶች ወደ ቀይ፣ መጨረሻ የሚመጡት ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። ዓይናችን ቀለም የሚለየው በሦስት ዓይነት ሴሎች ነው። ሦስቱ ለብልጭታ እኩል አይፈጥኑም። አእምሮ ደግሞ ቀለምን የሚያውቀው የሦስቱን መልእክት አወዳድሮ ነው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ሲዘገይ ልዩነቱን ቀለም ብሎ ያነበዋል ተብሎ ይታሰባል።

ዲስኩን በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹትና መሃል ላይ አቁሙት። ስክሪኑ ላይ ያለው ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ነው።