የሌ ራሊዝ ዴኑዴን ቡትሌግ እንዴት እንሰብስብ? ከሽፋኑ በፊት ቀኑን እዩ

የጃፓኑን የሮክ ባንድ ሌ ራሊዝ ዴኑዴን የወደደ ሰው ሳያስበው ሰብሳቢ ይሆናል። ሌላ መንገድ የለውማ። ባንዱን በ1967 (እዚህ የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሚዙታኒ ታካሺ የሚባል ጊታሪስትና ዘፋኝ ኪዮቶ ከተማ፣ ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሠረተው። ከዚያ እስከ 1996 ድረስ አንዴ እየጠፋ አንዴ ብቅ እያለ መድረክ ላይ ቆየ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ባንዱ በራሱ ስም ያወጣው ሦስት ሲዲ ብቻ ነው። ሦስቱም በአንድ ዓመት፣ በ1991 ወጡ፤ የታተሙት ጥቂት ስለነበሩ ዋጋቸው ሰማይ ነካ። የቀረው ሙዚቃ የተገኘው ኮንሰርት ላይ ከተቀዳ ካሴት ነው። ያለ ባንዱ ፈቃድ የሚወጣ እንዲህ ያለ ቅጂ ቡትሌግ ይባላል። ካሴቱ ወደ ሲዲ፣ ሲዲው ወደ ፋይል፣ ፋይሉ ተመልሶ ወደ ሸክላ እየተገለበጠ እዚህ ደርሷል።

ለማታውቁት ሙዚቃውን ልንገራችሁ። ቤዙ አንዲት አጭር ዜማ ይይዝና ሃያ ደቂቃ አይለቃትም። ድራሙም አብሮት ይሄዳል። ከላይ የሚዙታኒ ጊታር ከድምፅ ማጉያው ጋር እየተጋጨ ብረት በመጋዝ እንደሚቆረጥ ይጮሃል። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ሥር ደግሞ ከጉድጓድ የሚመጣ የሚመስል ለስላሳ የሐዘን ድምፅ ይዘፍናል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አወረድኩት። ሦስተኛው ላይ ግን ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ይኸው እስካሁን አለሁበት።

መጀመሪያ ከይፋዊው ጀምሩ

ቡትሌግ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስቱን ይፋዊ አልበሞች በደንብ ስሟቸው። አንደኛው ከ1967 እስከ 1969 ያለውን የመጀመሪያ ዘመናቸውን ይዟል። ሁለተኛው "ሚዙታኒ" ይባላል፤ ለስለስ ያሉ፣ ጊታሩ የማይጮህባቸው ዘፈኖች የሚገኙት እሱ ላይ ነው። ሦስተኛው "'77 ላይቭ" ነው። ማርች 12 ቀን 1977 ቶኪዮ አጠገብ ታቺካዋ ላይ የተቀዳ ኮንሰርት ነው። ይሄን ሦስተኛውን በቃላችሁ እስክትይዙት ድረስ ስሙት፤ ለምን እንደምላችሁ ቆይቶ ይገባችኋል።

ሚዙታኒ በ2019 አረፈ፤ ዜናው የተነገረው ግን በ2021 ነው። ከዚያ በኋላ የድሮ ጓደኞቹና ቤተሰቡ ያሉበት ሥራ ተጀመረ። ቀድሞ የባንዱ አባል የነበረው ኩቦታ ማኮቶ ቴፖቹን እያጸዳ፣ ከ2022 ጀምሮ ሦስቱም አልበሞች እንደገና ታተሙ። "ዘ ኦዝ ቴፕስ"ን የመሰሉ አዳዲስ ይፋዊ ሥራዎችም ወጡ። እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ገንዘብ ካላችሁ ለይፋዊው ክፈሉ። ቡትሌግ ደግሞ በነፃ ተለዋወጡ እንጂ አትግዙ። የቡትሌግ ነጋዴ ከሚያገኘው ለባንዱ ሰባራ ሳንቲም አይደርስም። ለንግድ ማባዛቱም በሕግ ክልክል ነው።

ርዕስ ትታችሁ ቀን ጻፉ

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የቡትሌግ አሳታሚዎች አንዱን ኮንሰርት አራት አምስት ስም ሰጥተው ይሸጡታል። ዘፈኖቹንም በፈለጉት የእንግሊዝኛ ርዕስ ይጠሯቸዋል፤ አንዱ ዘፈን እዚህ ሌላ እዚያ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ወደዚህ ባንድ የገባው "ሄቪየር ዛን ኤ ዴዝ ኢን ዘ ፋሚሊ" በሚል ቡትሌግ ነው። ግሩም ድምፅ አለው፤ አልክድም። ነገር ግን አብዛኛው ያው የታቺካዋ ኮንሰርት ነው። "'77 ላይቭ"ን በቃሉ የያዘ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ይለየዋል። ያልያዘ ደግሞ አንዱን ሌሊት ሁለቴ ይገዛል።

ስለዚህ ኤክሴል ላይ ወይም ደብተር ላይ ሠንጠረዥ ሥሩ። የመጀመሪያው ዓምድ ቀን ይሁን፣ ሁለተኛው ቦታ፣ ሦስተኛው ማን እንደተጫወተ፣ ከዚያ የየዘፈኑ ርዝመት በደቂቃና በሰከንድ። የቡትሌጉ ርዕስ መጨረሻ ላይ ይግባ። የዘፈን ርዝመት እንደ ጣት አሻራ ነው። ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ቅጂዎች ላይ "የነፍሰ ገዳዮች ሌሊት" ያው ርዝመት ከሆነና ከፊትና ከኋላው ያሉትም ዘፈኖች ከተመሳሰሉ፣ አንድ ኮንሰርት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ዘመኑን ለመለየት የሚረዱ ጥቂት ምልክቶች ደግሞ እነሆ። የመጀመሪያው ቤዝ ተጫዋች ዋካባያሺ ሞሪያኪ ማርች 31 ቀን 1970 "ዮዶ" የሚባለውን የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ጠልፈው ሰሜን ኮሪያ ከገቡት ዘጠኝ ወጣቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ከዚያ ቀን በኋላ ባለ ቅጂ ላይ ስሙን ከጻፉላችሁ አትመኑ። በ1973 ቶኪዮ ኪቺጆጂ የሚገኘው ኦዝ የሚባል ትንሽ ክለብ ሲዘጋ የተቀዳ ሙዚቃ አለ፤ ከ1977ቱ ጋር ስታወዳድሩት ጊታሩ ገና አየር አለው፣ ድምፁም ይሰማል። በ1980 ደግሞ ያማጉቺ ፉጂዮ ሁለተኛ ጊታሪስት ሆኖ ገባ፤ የቆየው ለጥቂት ወራት ነው። ሁለት ጊታር ሲነጋገሩ፣ አንደኛው ብሉዝ ብሉዝ ሲል ከሰማችሁ ያ ዘመን ሊሆን ይችላል። "ደብል ሄድስ" የሚባለው የታወቀ ባለ ብዙ ሲዲ ቡትሌግ የዚያ ዘመን ነው።

ፍለጋው

በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ አትፈልጉ። ጃፓኖች ባንዱን "ሃዳካ ኖ ራሪዙ" ነው የሚሉት። የጃፓንኛውን ጽሑፍ ከይፋዊ አልበም ገጽ ላይ ኮፒ አድርጋችሁ ፈልጉበት፤ የሚመጣው ውጤት ሌላ ዓለም ነው። ዲስኮግስ በሚባለው የአልበሞች መዝገብ ድረ ገጽ ላይ የቡትሌጎች ዝርዝር ከነዘፈኑ ርዝመት ተመዝግቦ ታገኛላችሁ። መሸጡ እዚያ የተከለከለ ነው፣ ለመረጃ ግን ይጠቅማል። ቶኪዮ የመሄድ ዕድል ያገኘ ሰው ኒሺ ሺንጁኩ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ የሙዚቃ ቤቶች ይያቸው። ሰፈሩ ለዓመታት በቡትሌግ የታወቀ ነው።

ከሰው ስትጠይቁ ደግሞ "ምን አለህ?" አትበሉ። "የ1976ን የስንተኛ እጅ ቅጂ አለህ?" በሉ። ካሴት ከጎረቤት አስቀድቶ የሚያውቅ ሰው ይሄን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም። ከሙዚቃ ቤት የተገዛው ካሴት ለጎረቤት፣ የጎረቤቱ ለአጎት ልጅ፣ የአጎት ልጅ ደግሞ ለክፍል ጓደኛው ሲቀዳ፣ አራተኛው ላይ ዘፈኑ ሽሽሽ ከሚል ጭጋግ ውስጥ ነው የሚሰማው። እዚህም ያው ነው። ቅጂው ወደ መጀመሪያው ካሴት በቀረበ ቁጥር የጸናጽሉ ድምፅ ይጠራል።

ፋይሉን መርምሩ

አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ከሚሸጥ ሰው ሸክላ ገዛሁ። ሽፋኑ ጥቁርና ብር፣ ሸክላው ወፍራምና ከባድ፣ ዋጋውም እንደዚያው ከባድ ነበር። ወደ ኮምፒውተር ቀድቼ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስከፍተው ሙዚቃው 16 ኪሎ ሄርዝ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ አለቀ። ከዚያ በላይ የነበረው የሸክላው የራሱ መንኮሻኮሽ ብቻ ነው። ሸክላው የታተመው ከተጨመቀ ኤምፒ ስሪ ነበር ማለት ነው።

እናንተ ያገኛችሁትን ፋይል ከማስቀመጣችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ። ፋይሉን ኦዳሲቲ ላይ ክፈቱና ከሞገዱ ምስል ወደ ስፔክትሮግራም ቀይሩት። ድምፁ በቀለም ይታያችኋል፤ ወፍራሙ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ። አሮጌ ካሴት ወደ ላይ ሲሄድ ቀስ እያለ ይደበዝዛል፣ እንደ ጭስ። ያ ጤነኛ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ላይ ድንገት ካለቀ ግን መንገድ ላይ አንድ ሰው ጨምቆታል። ስሙ ፍላክ (ድምፅ ሳይጎድል የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) ቢሆንም አትታለሉ፤ ኤምፒ ስሪን ወደ ፍላክ መቀየር የጠፋውን አይመልስም።

ፍጥነቱን አስተካክሉ

ይሄ ክፍል ለእኔ ከሁሉም በላይ ደስ የሚለኝ ነው። ብዙ ካሴቶች ፍጥነታቸው ልክ አይደለም። በባትሪ የሚሠራ መቅጃ ባትሪው ሲደክም ቀስ እያለ ይቀዳል፤ በኋላ በደህና ማጫወቻ ሲከፈት ሙዚቃው ይፈጥናል፣ የሚዙታኒ ድምፅም ይቀጥናል። ታዲያ ትክክለኛው ፍጥነት ስንት እንደነበር በምን እናውቃለን? ከመብራቱ!

ጃፓን ውስጥ ኤሌክትሪክ ሁለት ዓይነት ነው። ቶኪዮን ጨምሮ ምሥራቁ 50 ሄርዝ ነው፣ ልክ እንደኛ አገር። ኪዮቶና ኦሳካ ያሉበት ምዕራቡ ደግሞ 60 ሄርዝ ነው። የጊታር ማጉያ ሲበራ የሚሰማው እምምም የሚል ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ኤሌክትሪክ ነው፤ ካሴቱም ሳያስበው አብሮ ይቀዳዋል።

ስለዚህ በሁለት ዘፈኖች መሃል፣ ጭብጨባው አልቆ ማጉያው ብቻውን የሚያጉረመርምበትን ቦታ ፈልጉ። አሥር ሰከንድ ያህል ምረጡና "ፕሎት ስፔክትረም" የሚለውን ክፈቱ፤ መጠኑን ከፍተኛው ላይ አድርጉት። 100 ሄርዝ አካባቢ እንደ ችካል ቀጥ ብሎ የቆመ ጫፍ ታያላችሁ፣ ይሄ የ50 እጥፍ ነው። ቶኪዮ ተቀዳ የተባለው ቅጂ ላይ ጫፉ 104 ላይ ከቆመ ካሴቱ 4 በመቶ ፈጥኗል። 100ን ለ104 አካፍሉ፣ 0.962 ይመጣል፤ ፍጥነት መቀየሪያው ላይ ይሄን ቁጥር አስገቡ። ጫፉ 120 አጠገብ ከሆነ ደግሞ ቆም በሉ። ኮንሰርቱ ቶኪዮ ሳይሆን ኪዮቶ ወይም ኦሳካ ሊሆን ይችላል። በዚህ መንገድ ሽፋኑ ላይ የተጻፈ ከተማ ውሸት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ የመጀመሪያውን ፋይል አትንኩት። ያስተካከላችሁትን ለብቻው "ፍጥነቱ የተስተካከለ" ብላችሁ አስቀምጡ። ድምፁን ለማሳመር ሽሽታውን አታጥፉ። ሽሽታውን ስታጠፉ ጸናጽሉና የጊታሩ ጫፍ አብረው ይሄዳሉ፤ በዚህ ባንድ ላይ ደግሞ ሙዚቃው እዚያ ጫፍ ላይ ነው ያለው።

ማስቀመጥ

የፎልደር ስም በዓመት፣ በወር፣ በቀን ቅደም ተከተል ይጻፍ፣ ቀጥሎ ቦታው። ለታቺካዋው "1977-03-12 ታቺካዋ" ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ በጊዜ ይደረድርላችኋል። ከማን እንዳገኛችሁትና ያደረጋችሁትን ለውጥ በአጭር የጽሑፍ ፋይል እዚያው አስቀምጡ። በእጅ የተቀዳ ሲዲ ካላችሁ ዛሬውኑ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት፤ እሱ ዲስክ ዕድሜው አይታመንም። ቢያንስ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ይኑራችሁ፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይቀመጥ።

ቀኑ ያልታወቀውን ቀን ፈጥራችሁ አትጻፉለት። አንድ ሰው ገምቶ የጻፈው ቀን በሁለት ዓመት ውስጥ በየቦታው "እውነት" ሆኖ ይገኛል፣ ማጥፋቱም ከባድ ነው። "ቀኑ ያልታወቀ" የሚል ፎልደር ክፈቱና እዚያ ይቆይ። የእኔ ውስጥ አሁን አሥራ አንድ ፋይል አለ። አዲስ ይፋዊ አልበም በወጣ ቁጥር እከፍተዋለሁ። ይፋዊው ቀንና ቦታው የታወቀ ስለሆነ እንደ መለኪያ ያገለግላል። አንደኛውን በግራ ጆሮ ሌላውን በቀኝ ጆሮ አድርጌ፣ "ዘ ላስት ዋን" የሚባለው ዘፈናቸው ሊጀምር ሲል ያለችውን ጸጥታ ብቻ እሰማለሁ። ድራመሩ ዱላውን ስንት ጊዜ እንደመታ፣ ከታዳሚ ማን እንደሳለ፣ የትኛው ብርጭቆ እንደወደቀ። ሳሉ በሁለቱም ጆሮ እኩል የመጣ ቀን ፋይሉ ስም ያገኛል፤ ከፎልደሩም ይወጣል።