ቤተሰብ ይዘው ሲበሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ አሜሪካ፣ ቅዳሜና እሁድ ትንሽ አውሮፕላን ተከራይቼ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ እበራለሁ። ከኋላ ልጆች ሲቀመጡ ነገሩ ሁሉ ይለያል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት "እንደርሳለን" ብሎ ቃል መግባት ነው። ቤተሰቡ ለሠርግ ለብሶ ኤርፖርት ቆሞ "ዛሬ አንሄድም" ማለት ይከብዳል። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጁኒየር፣ አውሮፕላኑን ራሱ እያበረረ፣ በሐምሌ 1999 እ.ኤ.አ. ባለቤቱንና እህቷን ይዞ ከኒው ጀርሲ የተነሳው ለዘመድ ሠርግ ነበር። መሽቷል፤ ባሕሩ ላይ ጭጋግ አለ። መሣሪያ ብቻ እያየ ለመብረር የሚያበቃ ፈቃድ አልነበረውም። አድማሱ ሲጠፋ ላይና ታቹ ተምታታበት። ማርታስ ቪንያርድ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ወደቁ፤ ሦስቱም ሞቱ።

"ትንሽ ደመና ናት፣ ሰንጥቄ እወጣለሁ" የሚል ካለ ይህን ይስማ። በ1954 እ.ኤ.አ. ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በመሣሪያ ብቻ የመብረር ሥልጠና የሌላቸው 20 አብራሪዎች ውጭውን ሳያዩ እንዲበሩ ተፈተኑ። አንዳቸውም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አልቻሉም። በአማካይ የቆዩት 178 ሰከንድ ነው፤ 3 ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ እኔ ዓርብ ማታ፣ ገና እራት ላይ ሳለን፣ "አየሩ ከከፋ በመኪና ነው" ብዬ እጨርሳለሁ። ጠዋት ላይ ማንም አይከፋም።

ሁለተኛው፣ አራት ወንበር አለ ብሎ አራት ሰው መጫን ነው። ሴስና 172 ኤስ የሚባለው ባለ አራት ወንበር ትንሽ አውሮፕላን ነዳጁን ጨምሮ የሚሸከመው 400 ኪሎ ገደማ ነው። ታንኩ ሙሉ ከሆነ ነዳጁ ብቻ 144 ኪሎ ይወስዳል። ሰማንያ ሰማንያ ኪሎ የሚመዝኑ አራት ሰዎች ደግሞ 320 ናቸው። ሻንጣው ገና አልተነሳም! ሰው ኪሎውን ሲጠየቅ ቀነስ አድርጎ ስለሚናገር በሚዛን ይመዝኑ። እንደ ዴንቨር ባለ ከፍ ያለ ቦታ፣ በሙቀት ቀን፣ አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም ክንፉም አቅም ያጣሉ። እንጦጦ ስንወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥረን ማለት ነው።

ሕጉን ማሟላት ብቻውን አይበቃም። ሰው ለመጫን ባለፉት 90 ቀናት 3 ጊዜ መነሳትና ማረፍ ይጠየቃል። ሳይበሩ ከርመው ከሆነ መጀመሪያ ከአስተማሪ ጋር ይብረሩ። የመጠባበቂያ ነዳጅም ቀን ላይ ለ30 ደቂቃ፣ ማታ ለ45 ደቂቃ ይላል ሕጉ። እኔ ከአንድ ሰዓት በታች አልይዝም።

የካቢን ማሞቂያውንም አይናቁት። ሙቀቱ የሚመጣው ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ስለሆነ፣ ቧንቧው ከተሰነጠቀ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገባል። የከሰል ጭስ ቤት ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ላይ የሚያደርሰውን እኛ እናውቃለን፤ መርዙ ያው ነው። ልጆቹ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ደክሟቸው ነው ብለው እንዳይዘናጉ። ማስጠንቀቂያ መሣሪያው ውድ አይደለም፣ ይግዙ።

የመጨረሻው፣ አጠገብዎ የተቀመጠውን ሰው ዝም ብሎ ተሳፋሪ ማድረግ ነው። እርስዎ ራስዎን ቢስቱስ? ባለቤቴ የሬዲዮውን ቁልፍ ተጭና ማውራትን ለመልመድ ሦስት በረራ ፈጀባት። መጀመሪያ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን የአደጋ ጊዜውን መስመር፣ 121.5ን፣ በእጇ ጽፋ ፊት ለፊቷ ለጥፋዋለች። ከመነሳታችን በፊት ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ ትንሹ ልጃችንም ከኋላ ሆኖ አብሯት ይላል።