ረቂቁን ለጆርናል ከመላክ በፊት፦ በሐዋሳ ላሉ ጀማሪ ተመራማሪዎች

የመመረቂያ ጽሑፉን አቅርቦ የጨረሰ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያስበው፣ ሰማንያውን ገጽ ወደ ሃያ ካሳጠረ የጆርናል ረቂቅ እንደሚወጣው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ተማሪው ያነበበውንና የሠራውን ሁሉ ለፈታኞች ለማሳየት የሚጻፍ ሲሆን፣ የጆርናል ጽሑፍ አንድ ጥያቄ አንሥቶ የተገኘውን መልስ ሐዋሳን አይቶ የማያውቅ አንባቢ ራሱ ሊመረምረው በሚችል መንገድ ያቀርባል። ከሐይቁ፣ ከእንሰት ማሳው ወይም ከጤና ጣቢያው መረጃ ሰብስበው የመጀመሪያ ረቂቃቸውን ለሚያዘጋጁ ይህን የምጽፈው፣ በግኝት ማነስ ሳይሆን በዝግጅት ጉድለት ምክንያት ገምጋሚ ዘንድ ሳይደርሱ የሚመለሱ መልካም ሥራዎች ስለሚያሳዝኑኝ ነው።

ጆርናሉ መመረጥ ያለበት ረቂቁ ከመጻፉ በፊት ነው፤ የቃላት ገደቡም፣ የአኅጽሮተ ጥናቱ (በጽሑፉ መጀመሪያ የሚቀመጠው አጭር ማጠቃለያ) ቅርጽም፣ የዋቢ አጻጻፉም ከአንዱ ጆርናል ወደ ሌላው ይለያያል። የጸሐፊዎችን መመሪያ እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ በቅርብ የወጡ እትሞችንም ይመልከቱ። በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሚያትም ቃል የሚገባና ክፍያውን በግልጽ የማያስቀምጥ አሳታሚ በኢሜይል ከጋበዘዎት ይተዉት። ኢትዮጵያ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ አገሮች ሳይንሳዊ ጽሑፎችን እንዲያገኙ በሚረዳው በሪሰርች ፎር ላይፍ ፕሮግራም የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ስለምትገኝ፣ ብዙ አሳታሚዎች በነጻ ለሚነበቡ ጆርናሎቻቸው ከጸሐፊው የሚጠይቁትን ክፍያ ይሰርዛሉ። ጥያቄውን ግን ጽሑፉ ተቀባይነት እስኪያገኝ ሳይጠብቁ ረቂቁን በሚልኩበት ጊዜ ያቅርቡ። አንድን ረቂቅ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናሎች መላክ አይፈቀድም።

ጽሑፉን ከመግቢያው አይጀምሩ። በመጀመሪያ ሰንጠረዦቹንና ግራፎቹን ጨርሰው በጠረጴዛ ላይ ይደርድሯቸው፤ ሌላ ቃል ሳይጨመር ታሪኩ ከእነርሱ ብቻ የማይነበብ ከሆነ ገና አልተዘጋጁም ማለት ነው። ከዚያ ዘዴውን፣ ውጤቱን፣ ውይይቱን፣ በመቀጠል መግቢያውን፣ በመጨረሻም አኅጽሮተ ጥናቱንና ርዕሱን ይጻፉ።

ለእኛ አገር ጸሐፊ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው የዘዴው ክፍል ነው። «ናሙናው ከአሞራ ገደል አካባቢ ተወሰደ» የሚለው ለሐዋሳ ሰው በቂ ነው፤ በሌላ አህጉር ላለ ገምጋሚ ግን ምንም አይነግረውም። የናሙና ጣቢያውን ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ፣ ከዳርቻው ያለውን ርቀትና የውኃውን ጥልቀት ይጻፉ። የጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ እንደሚገባ፣ ከሐይቁ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ እንደሌለ መግለጽም ያስፈልጋል፤ የገባው ንጥረ ነገር የት እንደሚከማች አንባቢው የሚረዳው ከዚህ ነው። ዓሣዎቹ በገበያ ቆሮሶና አምባዛ ቢባሉም፣ በረቂቁ ውስጥ መጀመሪያ ሲነሡ ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲከስና ክላሪያስ ጋሪፒነስ የሚለው ሳይንሳዊ ስማቸው በሙሉ፣ በሰያፍ ፊደል ይጻፋል።

ሰዓትም ሌላው ወጥመድ ነው። በመስክ ደብተሬ «2 ሰዓት» ብዬ የመዘገብሁትን የውኃ ልኬት ሳልቀይር ወደ ሰንጠረዥ በማስገባቴ፣ ጠዋት የለካሁትን ገምጋሚው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እንደተለካ አድርጎ አነበበው። በውኃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ደግሞ ሌሊት ፎቶሲንተሲስ ስለሚቆም እየቀነሰ፣ ቀን እየጨመረ የሚሄድ በመሆኑ፣ የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ውይይቱን በሙሉ አጠራጣሪ አደረገብኝ። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ሲሆን፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ስለዚህ በቃል ከማስላት ይልቅ እያንዳንዱን ቀን በመቀየሪያ ያረጋግጡ። ኩንታልን 100 ኪሎ ግራም ብሎ መቀየር ቀላል ነው፤ ጥማድ ግን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ገበሬው በጥማድ የነገረዎትን ማሳ ለክተው በሄክታር ካላስቀመጡ የምርቱ ስሌት መሠረት ያጣል።

በአኅጽሮተ ጥናቱ፣ በውጤቱና በሰንጠረዡ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን ለማረጋገጥ ገጾቹን አትመው በእርሳስ እያመሳከሩ ይመርምሩ፤ በስክሪን ላይ የሚታለፍ ልዩነት በወረቀት ላይ ይታያል። የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ 0.000 ብሎ ያወጣውን የፒ ዋጋ (በእውነት ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት ሊገኝ የሚችልበትን ዕድል) ከ0.001 ያነሰ ብለው ይጻፉት፤ ዜሮ የሆነ ፒ የለምና። ከአማካዩ ጎን የተቀመጠው ቁጥር የመደበኛ ልይይት መሆኑን ወይም የመደበኛ ስሕተት መሆኑን በሰንጠረዡ ሥር ይግለጹ።

የጸሐፊዎች ስም በአገራችን ሁለት ችግር ያስነሣል። የመጀመሪያው የቤተሰብ ስም የሌለን መሆናችን ነው። የውጭ ጆርናሎች የመጨረሻውን ስም ስለሚይዙ በአባትዎ ስም ይጠቀሳሉ፤ በአንዱ ጽሑፍ በአባት ስም ቆመው በሌላው አያትን ከጨመሩ በመረጃ ቋቶች ውስጥ ሁለት ሰው ይሆናሉ። በላቲን ፊደል የሚጽፉትን የስምዎን አጻጻፍ አንድ ጊዜ ወስነው አይለውጡት፤ አንድን ተመራማሪ ከስመ ሞክሼዎቹ የሚለየውን፣ 16 አኃዝ ያለውን የኦርኪድ መለያም በነጻ ያውጡ። ሁለተኛው ችግር ጸሐፊ ያልሆነን ሰው ስም ለአክብሮት ሲባል ማስገባት ነው። የዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ኮሚቴ ጸሐፊ ለመባል 4 መስፈርቶች አብረው እንዲሟሉ ይጠይቃል፤ እነርሱም ለጥናቱ ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ ረቂቁን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ለሥራው ተጠያቂ መሆን ናቸው። ጀልባ ያከራየ፣ ላብራቶሪ የፈቀደ ወይም መጠይቅ ያስሞላ ሰው የሚገባው ክብር በምስጋናው ክፍል ነው። ይህን ለአንድ ታላቅ ሰው መንገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ውይይቱ ጥናቱ ሲጀመር ይደረግ፤ ረቂቁ ካለቀ በኋላ ቅያሜ ያመጣል።

ዋቢዎችን እንደ ዞተሮ ባለ መሣሪያ ያደራጁ፤ መሣሪያው የኢትዮጵያውያንን ስም እያገላበጠ ስለሚያስገባ ግን እያንዳንዱን ከታተመው ጽሑፍ ጋር ያመሳክሩ። ጥናቱ ሰዎችን የሚመለከት ከሆነ የሥነ ምግባር ፈቃዱን ቁጥርና ቀን ይጥቀሱ፤ ፈቃዱ ከመረጃ መሰብሰቡ በፊት የተሰጠ መሆን አለበት።

የመሸኛ ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ጥያቄውንና ዋናውን ግኝት በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀምጠው፣ ለዚህ ጆርናል አንባቢዎች ለምን እንደሚጠቅም ይግለጹ። ፋይሎቹ ሲጫኑ ሥርዓቱ ሁሉንም አንድ አድርጎ በፒዲኤፍ ይመልስልዎታል። መብራትና ኢንተርኔት በማይቋረጥበት ሰዓት ተቀምጠው ያንን ፒዲኤፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ይክፈቱ፤ የተቆረጠ ግራፍ፣ ወደ ባዶ ሳጥን የተለወጠ ምልክት ወይም አሮጌ ቅጂ ሰንጠረዥ ካገኙ፣ የማጽደቂያውን ቁልፍ ከመጫንዎ በፊት ፋይሉን ይተኩት።