ታካሚን ስለ እምነቱ እንዴት እንጠይቅ? ለቤተሰብ ሐኪሞች

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስትሰሙ ውላችሁ ማታ ቤት ስትገቡ የሚያበረታችሁ ምንድን ነው? ጸሎት? ዝምታ? ቤተሰብ? መልሱ ሃይማኖት ባይሆንም ችግር የለም፤ ግን እወቁት። የራሱን ያላወቀ ሐኪም ወይ ሳይታወቀው እምነቱን ታካሚው ላይ ይጭናል፣ ወይ ፈርቶ ነገሩን ጭራሽ አያነሳውም። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካዊቷ ሐኪም ክሪስቲና ፑቻልስኪ ከባልደረቦቻቸው ጋር «ፊካ» የሚባል አጭር መጠይቅ አዘጋጅተዋል። አራት ነገር ይጠይቃል፦ እምነትዎ ወይም ለሕይወትዎ ትርጉም የሚሰጠው ነገር ምንድን ነው፣ ስለ ጤናዎ ሲወስኑ ምን ያህል ቦታ አለው፣ ከጎንዎ የሚቆም ማኅበረሰብ አለ ወይ፣ እኔስ በሕክምናዎ ላይ ይህን እንዴት ላስብበት። እንደ ፎርም አታንብቡት። «በዚህ ሁሉ መሀል ምን እያጽናናዎት ነው?» ብሎ መጀመር ይበቃል። ይህቺን ጥያቄ እወዳታለሁ፣ አማኝም ያልሆነም ይመልሳታል።

ለጉንፋን የመጣን ሰው ግን በዚህ አታድክሙት። ጊዜው ከባድ ውጤት ሲነገር፣ ሐዘን ሲገባ፣ ሞት ሲቃረብ ነው።

መልሱ ሕክምናውን ሊቀይር ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሳይነግራችሁ ቢጾም ስኳሩ አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊወርድ ይችላል፤ ቀድማችሁ ከጠየቃችሁ ግን መጠኑንና ሰዓቱን አብራችሁ ታስተካክላላችሁ፣ ወይም ጾሙ ለእሱ አደጋ እንደሆነ በግልጽ ትነግሩታላችሁ።

አንዳንዱ «ፈጣሪ እየቀጣኝ ነው» ይላችኋል። እዚህ ጋ እባካችሁ ለመስበክም ለማስተባበልም አትቸኩሉ። «እንዴት እንደዚያ ተሰማዎት?» በሉና አዳምጡ። ብዙ ጊዜ ከሥሩ ለማንም ያልተነገረ ጸጸት አለ። ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ከሃይማኖት አባቱ ጋር አገናኙት። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካስጠላው፣ መሞትን ከተመኘ ግን ድብርትን መርምሩ፤ ይህን ለሌላ ሰው አትተዉት።

«አብረን እንጸልይ» ቢላችሁስ? ጥያቄው ከእሱ ከመጣና እናንተም ከልባችሁ ከሆነ ጸልዩ። ካልሆነ እሱ ሲጸልይ አጠገቡ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ራሳችሁ ግን አትጀምሩት፤ ሰው መድኃኒት የሚያዝለትን ሐኪም እምቢ ማለት ይከብደዋል።

የነገራችሁን ከፈቀደላችሁ መዝገቡ ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ቀጠሮም ከደም ግፊቱ በፊት እሱን ጠይቁት።